ለጫማው ኩባንያ ሳስተረጉም

አምቦ በዚያ ዘመን የማያውቁት ሰው ስም ሲጠይቅ በር የሚዘጋባት ከተማ ነበረች። መንገዱ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል። የተቋረጠው ኢንተርኔት ሲመለስ እንኳ ሰው ደስ ከመሰኘት ይልቅ «አሁን ደግሞ ምን አስበው ነው የለቀቁልን?» ይላል። እኔ ከተማው ውስጥ ባለ መሰናዶ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። ኦሮምኛውን ከደጅ፣ ከገበያና ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ አግኝቼ አብሬው ስላደግሁ የቱን መቼ እንደምናገር ራሴም አላስተውለውም።

ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ጓደኛዬ የደወለችልኝም ለዚሁ ነው።

«ሦስቱን ቋንቋ የምትችል ሴት ይፈልጋሉ» አለችኝ። «ለጥቂት ቀን ነው። ጌዶ፣ ሸነን፣ ጎጆ ትዞሪያለሽ። ያ ትልቁ የስፖርት ጫማና ልብስ ኩባንያ ነው፤ ሯጮቹ ደረት ላይ ምልክቱን የምታዪው።»

«የጫማ ኩባንያ ጎጆ ምን ያደርጋል?»

«ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠርተው የተመለሱ ልጆችን ሊያነጋግሩ ነው።»

«ስለ ምን?»

«እሱን እነሱ ይነግሩሻል።»

ለእናቴ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። እጇን አቆመች።

«ስም ይጽፋሉ?»

«የልጆቹን ይጽፉ ይሆናል።»

«እንግዲያው ያንቺንም ይጽፋሉ» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ሰዎቹን ያገኘኋቸው ፍልውሃው አጠገብ ካለ ሆቴል በረንዳ ላይ ነው። አንዷ ከኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት የመጣች ፈረንጅ ናት። ከእኔ ጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ፀሐዩ ፊቷን አቅልቶታል። ሌላው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ፣ ቃላቱን እየመረጠ የሚናገር ጎልማሳ ነው።

«ኦዲተር ነኝ» አለኝ በአማርኛ። «የሒሳብ ሳይሆን የሥራ ሁኔታ ኦዲተር። ፋብሪካ እየሄድን ሠራተኛው እንዴት እንደተያዘ እናያለን። ገለልተኛ ነን።»

ገለልተኛ መሆኑን ማንም ሳይጠይቀው መናገሩን ልብ አልኩ።

ፈረንጇ ነገሩን አስረዳችኝ። ኩባንያው የራሱ ፋብሪካ የለውም። በደቡብ በኩል ባለ አንድ ከተማ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ የሌላ ሰው ፋብሪካ የስፖርት ሸሚዝ ይሰፋለታል። ከምዕራብ ሸዋ ወረዳዎች ብዙ ልጆች እዚያ ተቀጥረው ነበር። አንድ ቀን የስፌት አዳራሹ በጭስ ተሞላ። ልጆቹ ወደ አደጋ ጊዜ መውጫው ሲሮጡ በሩ በሰንሰለት ታስሮ አገኙት። እርስ በርስ ተረጋገጡ፤ የተጎዱ አሉ። አንዲት ልጅ ደግሞ ኩባንያው ግድግዳ ላይ ለጥፎት በነበረው የአቤቱታ ስልክ ደውላ ስለ በሩ ተናግራለች። የጭሱ ወሬ በኩባንያው አገር ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ባለአክሲዮኖቹ የዳይሬክተሮች ቦርዱን ጠየቁ፤ ቦርዱ ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለውን ክፍል ጠየቀ። ክፍሉ ደግሞ እሷን ላከ።

«ፋብሪካው የእኛ አይደለም» አለች። «ኃላፊነቱ ግን የእኛ ነው።»

ፋብሪካው ያንቺ ካልሆነ ኃላፊነቱ እንዴት ያንቺ ሆነ? ኃላፊነቱ ያንቺ ከሆነስ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ይህን በሆዴ አልኩ። በአፌ ያልኩት «ገባኝ» ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ጌዶ ነው። የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ ልጆቹ ነጠላቸውን ተከናንበው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ጠበቁን። አንዳንዶቹ እናቶቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ፈረንጇ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ እኔ በኦሮምኛ አቀርባለሁ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ኦዲተሩ ኦሮምኛ ስለማይችል እንግሊዝኛዬን እየሰማ ጎኗ ተቀምጦ ይጽፋል።

ሥራው እንዴት ነበር? «ጋሪ ዳ።» ጥሩ ነው። ምግቡስ? ጥሩ ነው። አለቆቹስ? ጥሩ ናቸው። በሩ? ክፍት ነበር። ጭሱ? ትንሽ ነበር፣ ወዲያው ጠፋ። የመጀመሪያዋ እንዲህ አለች፣ ሁለተኛዋም እንዲህ አለች። ሦስተኛዋ ጥያቄውን ሳልጨርስ መለሰችልኝ። ተማሪ ፈተና ላይ ሲቀዳ ማወቅ እንጀራዬ ነው፤ የእነዚህ ልጆች መልስ የተቀዳ ሳይሆን የተጠና ነበር። ሲናገሩ ደግሞ የሚያዩት እኔንም ፈረንጇንም አይደለም። በኦዲተሩ ትከሻ በኩል ያለውን ግድግዳ ነው የሚያዩት፤ ሰው ሊያየው የማይፈልገው ነገር ፊቱ ሲቀመጥ እንደሚያደርገው።

ለሻይ ስናርፍ ፈረንጇ ስልክ ልታነሳ ወጣች። ኦዲተሩ ወንበሩን ወደ ልጆቹ ስቦ በአማርኛ ጨዋታ ጀመረ። ፓርክ ውስጥ አማርኛ ለምደዋል። ስለ ከተማው ሙቀት፣ ስለ አሳው ጣዕም እያነሳ አሳቃቸው። ቀጥሎ ድምፁን ሳይለውጥ «ለመሆኑ ያኔ የደወለችው ማን ነበረች? ዝም ብዬ ነው። ጎበዝ ልጅ ናት ለማለት ያህል» አለ።

ሳቁ ጠፋ። አንዷ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«እኛ አናውቅም፣ ጋሼ» አለች ሌላዋ።

ያ ጥያቄ ፈረንጇ ካዘጋጀቻቸው ጥያቄዎች ውስጥ አልነበረም። ወይም እንዳልነበረ ነው የመሰለኝ። እሷ ሆን ብላ ወጥታ እሱ እንዲጠይቅ ተስማምተው ቢሆንስ? ስልኩን ያነሳችው ሳይጠራ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱንም እኩል በጥርጣሬ መከታተል ያዝኩ።

እኔም ግን እጠረጠር ነበር። ስንወጣ ከእናቶቹ አንዷ ክንዴን ያዘችኝ። «አቲ ከን ኤኙቲ?» አለችኝ፤ አንቺ የማን ነሽ ማለቷ ነው። የአባቴን ስም ነገርኳት።

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አለችኝና ክንዴን ለቀቀችው።

በማግስቱ ሸነን ነበርን። እዚያ ልናነጋግራት የነበረችው ልጅ አልመጣችም፤ ቤቷ ድረስ ሄድን። አባትየው ደጁ ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ረጅም፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሰው ናቸው። «ኦቦ፣ እንደምን ዋሉ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም ስላቸው ሰላምታውን ለከብቶቹም ለልጆቹም ለአዝመራውም አስከትለው በወጉ መለሱልኝ። ስለ ልጅቷ ስጠይቅ ግን አሳጠሩት።

«ልጄ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«ሄደች።»

ለፈረንጇ ነገርኳት። ልጅቷ ፈቃደኛ ካልሆነች እንደማያስገድዷት፣ መስማት ብቻ እንደሚፈልጉ ንገሪልኝ አለችኝ። ነገርኳቸው። ሽማግሌው መኪናችንን ትንሽ አይተው እንዲህ አሉ፦

«ሊቀጥሯት የመጡ ጊዜ በድምፅ ማጉያ ነበር። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ስትመለስ አይሱዙ ላይ ከጆንያ ጋር ተጭና ብቻዋን ነው የመጣችው። አሁን እናንተ ቀስ ብላችሁ መጣችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው።»

ከቤቱ ጓሮ አጥር ላይ የታጠበ ሸሚዝ ተሰጥቷል፤ ገና ውሃ ይንጠባጠባል። ደረቱ ላይ የኩባንያው ምልክት አለ። ልጅቷ ቤት ነበረች። ፈረንጇን አየኋት፤ ሸሚዙን እያየች ነው። ኦዲተሩም እንዲያየው አልፈለገች መሰለኝ፣ ፊቷን አዙራ «እንሂድ፣ ጊዜያቸውን ወስደናል» አለች። እሷን በተመለከተ ሐሳቤ መጀመሪያ የተነቃነቀው እዚያ ነው፤ ግን ገና አላመንኳትም። ሰው አንድ ቀን ደግ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ነው።

ወደ አምቦ ስንመለስ እሷ ኋላ ወንበር ላይ አንገቷን ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ኦዲተሩ ከጎኔ ነበር። ስልኩንና ማዳመጫውን ሰጠኝ።

«መምህርት፣ እስቲ ይቺን ስሚልኝ። አጭር ናት።»

ሰማሁት። አንዲት ልጅ በኦሮምኛ ነው የምትናገረው፤ ከጀርባዋ ሌሎች ሴቶች ያወራሉ፣ ውሃ ይፈሳል። «ሄሎ? የሚሰማ አለ? እኔ ሸሚዝ የምሰፋ ነኝ። የኋላውን በር በሰንሰለት አስረውታል። ሙቀት ነው። እሳት ቢነሳ በየት ነው የምንወጣው? እባካችሁ አንድ ሰው ይምጣና ይየው። ሄሎ?» ከዚያ ዝም ትላለች፣ ግን ስልኩን አትዘጋውም፤ መልስ የምትጠብቅ ይመስላል።

«ምን እንደምትል ተተርጉሞልኛል» አለ ኦዲተሩ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ሳወጣ። «እኔ የፈለግሁት አነጋገሯን ነው። የየት አካባቢ ልጅ ትመስልሻለች? የጌዶ ናት? የጎጆ?»

«ኦሮምኛ ነው የምትናገረው» አልኩት።

«እሱማ። የየት?»

«የኦሮሞ።»

ሳቀ። ስልኩን ኪሱ ከተተና «አንቺ ጥንቁቅ ሰው ነሽ» አለኝ። ምስጋና አልነበረም። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ መልሼ አምቦ እስክንገባ ድረስ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ የአቤቱታ ስልክ ምስጢር የሚጠብቅ ከሆነ ይህ ድምፅ በዚህ ሰው ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል?

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ቅሪ ትለኛለች ብዬ ነበር።

«ሂጂ» አለችኝ። «አንቺ ብትቀሪ ሌላ አስተርጓሚ ያመጣሉ። ያ ሰው የሚጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ ቢሆንስ?»

ጎጆ ከተማ በጊንጪ በኩል ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚወጣ ዳገት ላይ ናት፤ ብርዷ ከነሐሴም በኋላ አይለቅም። መንገዱ መኪናውን ሲንጠው ሲያነጥረው ቆየና የገብሱን ማሳ አልፈን ገባን። እዚያ የምናነጋግራት ልጅ የምትኖረው ከተማው ዳር ከአክስቷ ጋር ነው። ደጃቸው ላይ ፀሐይ ስለነበር አግዳሚ አወጡልን። ከቤት ስትወጣ ነው ቀኝ እግሯን እንደምትጎትት ያየሁት፤ በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለች፣ ፊቷ ክብ፣ ዓይኗ ፈጣን ልጅ ናት።

አግዳሚው ላይ ሳትቀመጥ ቆማ ኦዲተሩን አየችው። እንደ ጌዶዎቹ ዓይኗን አላሸሸችም። አተኩራ አይታው ወደ እኔ ዞረች።

«ነመ ከና ነን ቤካ» አለችኝ። ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ። «ፋብሪካችን መጥቶ ነበር። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ነበር ምሳ የበላው። እሱ እያለ አልናገርም።»

ኦዲተሩ ኦሮምኛ አይሰማም። የልጅቷ አተያይ ግን ቋንቋ የሚያስፈልገው አልነበረም፤ ብዕሩን ይዞ ትርጉሙን እየጠበቀ ያየኛል። ፈረንጇም ትጠብቃለች። ያለችውን በእንግሊዝኛ ብናገር እሱም ይሰማል። ዝም ብል ደግሞ ልጅቷ እኔንም ከእነሱ ጋር ትቆጥረኛለች። ተማሪዎቼ ፊት ትርጉም ሲጠፋኝ እንኳ እንደዚያ አልደነገጥኩም።

«ብርዱ እግሯን እያመማት ነው» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ቤት ውስጥ እሳቱ አጠገብ እንድትቀመጥ ትፈልጋለች። የምታወራው የሴት ጉዳይ ስላለ ከሴቶች ጋር ብቻ ቢሆን ደስ ይላታል። ያገራችን ልማድ ነው።»

ኦዲተሩ ብድግ አለ። «ልማዱን እኔም አውቃለሁ እኮ፤ ግን የቃለ መጠይቁ አሠራር...»

«ችግር የለም» አለች ፈረንጇ ሳታስጨርሰው። «እዚህ ፀሐዩ ላይ ጠብቀን።»

ውስጥ አክስትየው ድንች ቀቅላ ነበር፤ ከነልጣጩ በሰፌድ አቀረበችልን። በሩን ራሴ ገርበብ አደረግሁትና ዞሬ ለፈረንጇ እውነተኛውን ነገርኳት። ድንቹን እንደያዘች ቀረች።

«እርግጠኛ ናት?»

ልጅቷ እርግጠኛ ነበረች። ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት አለቆቻቸው ሰብስበው ምን እንደሚመልሱ አስጠኗቸው። በመጣበት ዕለት ሰንሰለቱ ተፈታ፣ አዲስ የእጅ ጓንት ታደለ። እሷን መርጦ አናገራት፤ ተቆጣጣሪዋ ከጀርባዋ ቆማ ነበር።

«በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። እየዋሸሁት እንደሆነ ያውቅ ነበር» አለች። «ከበሩ ሥር ያለው አቧራ እኮ የተከፈተው ያን ዕለት እንደሆነ ያሳያል። አየው፤ በጫማው ነካ አደረገው። ከዚያ ጽፎ ሄደ።»

ፈረንጇ ድንቹን ሰፌዱ ላይ መልሳ ይህ ሰው ያን ፋብሪካ መርምሮ ደህና ነው ማለቱን እንደማታውቅ ነገረችኝ። ያን ጊዜ የመረመረው ድርጅት ሌላ ስም ነበረው፤ አሁን ይህን ሰው የቀጠሩት የራሱን የድሮ ሥራ እንዲፈትሽ መሆኑ ነው። እውነቷን ይሁን አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሌላውን ጥያቄዬን ሳላለሰልስ አመጣሁት።

«የደወለችው ማን እንደሆነች ለምን ትፈልጋላችሁ?»

«ማን ፈለገ?»

«እሱ። ጌዶ ላይ ልጆቹን ጠየቀ። ትናንት ደግሞ አንቺ ስትተኚ ድምፁን አሰማኝ፤ የየት አገር ልጅ እንደሆነች ንገሪኝ አለኝ።»

ቀዩ ፊቷ ሲገረጣ አየሁት። «ያ ድምፅ እሱ ጋ ሊኖር አይችልም» አለች። «ከእኛ ክፍል መውጣት የለበትም።»

«አለው።»

ልጅቷ ሁለታችንን እያፈራረቀች ታይ ነበር። «ምን ተባባላችሁ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀች፤ የምር ሳቅ።

«ያ እኮ የኔ ድምፅ ነው። እኔ ነኝ የደወልኩት።»

«ዺሲ!» አልኳት፤ ተይ ማለቴ ነው። «አትናገሪ። ይቺን ሴት አታውቂያትም። እኔም አላውቃትም።»

ፈረንጇ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች? አንቺስ ምን አልሻት?»

በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛ አልፈለግሁም። «እሷ ያለችውን ራሷ ከፈለገች ትንገርሽ። እኔ ያልኳት ግን አንቺን እንዳታምንሽ ነው።»

«ጥሩ ምክር ነው» አለችና ብዕሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ልጅቷ ግን መናገሩን አልተወችም፤ የጠበቀችው ሰው ዘግይቶም ቢሆን መጥቷልና። «ሰው ያነሳል ብዬ ነበር የደወልኩት» አለች። «ማሽን ነው ያናገረኝ፣ በእንግሊዝኛ። ጢጥ ሲል ጊዜ ተናገርኩ። ከመታጠቢያ ቤት ነበር የደወልኩት። ከዚያ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ማንም አልመጣ። ክረምቱ አለፈ። ከዚያ ጭሱ መጣ።»

መተርጎም ጀምሬ መሐል ላይ ቆምኩ። እኔም ራሴ ያን ድምፅ ሰምቼው ነበር። «እሳት ቢነሳ በየት እንወጣለን» ነበር ያለችው፤ እሳት ሳይነሳ።

«ከጭሱ በፊት ነው የደወልሽው?» አልኳት።

«ከጭሱ በኋላማ ምን ልል እደውላለሁ? ከጭሱ በኋላ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር።»

ለፈረንጇ ተረጎምኩላት። አንዴ አልበቃትም፤ ደግሜ ነገርኳት። ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ኩባንያው ለቦርዱም ለባለአክሲዮኖቹም የተናገረው አቤቱታው የደረሰው ከአደጋው በኋላ ነው ብሎ ነው። እሷም እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምታውቀው እንደዚያ ነበር፤ ያለችኝ ይህን ነው። የኦሮምኛ መልእክት ስለሆነ የሚሰማው ጠፍቶ ተቀምጦ ይሆናል አለች። ወይም የሰማ ሰው ነበረ፣ አልኩ በልቤ። ይህን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አክስትየው፣ ምንም ሳይተረጎምላት፣ ለፈረንጇ ውሃ ሰጠቻት።

ስንመለስ ጊንጪ ላይ ሹፌሩ ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ፈረንጇ ወርዳ በእግሯ ወዲያ ወዲህ ማለት ያዘች። ኦዲተሩ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ውስጥ ምን ተባለ?»

«ስለ ድንች።»

ፈገግ አላለም። «መምህርት፣ እኔን ክፉ ሰው አድርገሽ ይዘሽኛል። ልንገርሽ። ያን ፋብሪካ መጥፎ ነው ብዬ ብጽፍ ኩባንያው ትእዛዙን ያነሳል። ለሌላ አገር ይሰጣል። እነዚህ ልጆች ድንች ወደሚቀቅሉበት ይመለሳሉ። ማን ነው የጠቀማቸው?»

«በሩን እንዲከፍቱ ብትጽፍስ?»

«ይህ እንደምትዪው ቀላል ቢሆን...» አለና ፈረንጇ ስትመለስ ተወው።

ያ ንግግሩ ብዙ ጊዜ ይመላለስብኛል። የሚፈራ ሰው ንግግር ነው ወይስ የተገዛ ሰው? ሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው።

ወራት አለፉ። መጀመሪያ የሰማሁት ከጎጆዋ ልጅ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ የቀሩት ጓደኞቿ ሰንሰለቱ እንደተነሳ፣ የአደጋ ልምምድም እንደተጀመረ ነግረዋታል። ቀጥሎ ኩባንያው እግሯን አዲስ አበባ እንደሚያሳክማት ተነገራት። አክስቷ ማንን አምና ትልካታለች? እኔ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ የኩባንያው ጠበቃ ነኝ ያለች ወጣት ሴት ጠበቀችንና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አቀረበችላት፤ «ለሥርዓቱ ነው» አለች። ልጅቷ ወረቀቱን ለእኔ አቀበለችኝ። አነበብኩና ያለውን በኦሮምኛ ነገርኳት፤ ከታከምሽ በኋላ ስለ በሩም ስለ ስልኩም ለማንም አትናገሪም ነው የሚለው።

«ታዲያ ለምን ያክሙኛል?» አለች።

አልፈረመችም። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ለፈረንጇ ደወልኩ፤ ቁጥሯን ሰጥታኝ ነበር፣ እንደማታነሳው እርግጠኛ ነበርኩ። አነሳች። ስልኩን ለጠበቃዋ እንድሰጣት ጠየቀችኝ፤ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ጠበቃዋ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ልጅቷ ገባች። እግሯ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ግን አሁን ዳገት ትወጣለች።

ፈረንጇ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ጻፈችልኝ። የጎጆውን ነገር እንዳለ ለቦርዱ ማቅረቧን፣ ቦርዱም ማመስገኑን፣ እሷ ግን ወደ ሌላ ክፍል መዛወሯን ነገረችኝ። «በራሴ ፈቃድ» ብላ ነበር። ያቺን ሐረግ ደጋግሜ አነበብኳት፤ ላምናት ፈልጌ ነበር። የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ደግሞ «ከሠራተኞቻችን ጋር ፊት ለፊት ተነጋግረናል» የሚል ጽሑፍ ከጎጆ የገብስ ማሳ ፎቶ ጋር ወጣ። ፎቶውን ማን እንዳነሳው ትዝ አይለኝም። ስለ ስልኩ አንድ ቃል አልነበረም። ኦዲተሩን አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ፣ ስለ ሠራተኛ ደኅንነት በተዘጋጀ ውይይት ላይ አየሁት፤ እንደ ልማዱ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል።

ሌላ ጊዜ አለፈ። ጦርነት መጣ፣ የውጭው ገበያ ተዘጋ፣ ኩባንያው ትእዛዙን አነሳ፤ ፋብሪካውም ሠራተኞቹን አሰናበተ። ልጆቹ እንደገና በየመኪናው ተጭነው ወደ ጌዶ፣ ወደ ሸነን ተመለሱ። ጎጆ ላይ ግን ሰው ምክንያቱን ከሩቅ አልፈለገም። «እሷ ናት ደውላ ያዘጋችው» አሉ። አክስቷ ገበያ ስትወጣ ፊት ይነሷት ጀመር። ልጅቷ ትታላቸው አምቦ ወረደች። ከፓርክ የተመለሱ ሁለት ሴቶችን ይዛ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የትምህርት ቤታችን ልጆችም የሚያሰፉት እሷ ጋ ነው።

ሱሪ ላስጠብብ ሄጄ ስለ ጎጆ ሰዎች አነሳሁባት።

«አሁንም ይሉሻል?»

«ይላሉ» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። «አንድ ስልክ ያን ያህል ጉልበት ቢኖረው፣ ያኔውኑ አንድ በር በከፈተ ነበር እላቸዋለሁ።»

«ያምኑሻል?»

«አያምኑኝም። ማን ማንን ያምናል?» ሱሪውን አገላብጣ አየችው። «ይሄ ደግሞ ከዚህ በላይ አይጠብም፣ ቲቸር። ወፍረሻል።»

ባለፈው ዓመት ደግሞ ከአንድ የውጭ ድርጅት ደወሉልኝ። በየከተማው እየዞሩ ከሥራ የተፈናቀሉ ሴቶችን ሊያነጋግሩ ነው፤ ጥሩ አስተርጓሚ እንደሆንኩ ሰምተዋል። ደስ ይለኛል አልኳቸው፤ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው አለኝ። ማን ነው የላካችሁ? ልጆቹ የሚናገሩትን ማን ያነበዋል? አብሯችሁ የሚመጣው ሰው ከዚህ በፊት ለማን ሠርቷል? የደወለችልኝ ሴት ትሑት ነበረች፤ ጥያቄዎቼ በጣም ተገቢ ናቸው፣ አለቆቿን ጠይቃ በማግስቱ እንደምትደውልልኝ ነገረችኝ።

አልደወለችም። ሥራውን ማን እንደሠራላቸው ጌዶ ያሉ ሰዎችን ጠይቄ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ኦሮምኛውን በደንብ የማይሰማ ሰው ነበር አሉኝ፤ ልጆቹም ሁሉም ጥሩ ነው ብለው መልሰውለታል።